ሣጥን ሠሪው እንደራሴ

በፎገራ ሜዳ አንድን አናጢ በብዕር ብቻ አንሥቶ ለወረዳ ምክር ቤት ያበቃ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ታሪክ እንዳይዛባ ነው። የቅስቀሳ ንግግሩን የጻፍሁለት እኔ፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከረቫት ያሰርሁለት እኔ፣ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ጠፍሬ ከወረታ መገንጠያ እስከ ከብት ገበያው ስሙን የጠራሁለት እኔ። ድምፄ ሐሙሲት ድረስ ተሰምቶ የዚያ አገር ውሻ ሁሉ ሲጮህ ዋለ ይባላል።

ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ማቴዎስ ያገኘው ድምፅ ሰባት ነበር። ከቤቱና ከጸሎት ጉባኤው ብቻ ዐሥራ አንድ መራጭ ነበረው።

ባለፈው ሚያዝያ የሞተው ይኸው ማቴዎስ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላዬን ዘርግቼ የሰው አቤቱታ ስጽፍ፣ አንድ ባለባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ የሬሳ ሣጥን የት ይገኛል?»

«ከማቴዎስ ዘንድ ነዋ! ለከተማው እንግዳ ነህ እንዴ?»

«የሞተውኮ እሱ ነው።»

ማቴዎስ ለራሱ ሣጥን ሳይሠራ ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ጊዜ ሠርቷል። አንዱን ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ለሞተ ወዛደር ሰጠው። ሁለተኛውን ዘመድ ላልነበራት ባልቴት ሰጠ። ሦስተኛውን ለማን እንደሰጠ እሱም ረስቶታል። «የእኔ አይቸኩልም» ይል ነበር። እንዲህ እያለ የወረታን ሙታን ለሃያ ዓመት ሲያለብስ የኖረ ሰው ራሱ ዕርቃኑን ቀረ። ከሐሙሲት በአይሱዙ ተጭኖ የመጣለት ሣጥን አንድ ስንዝር አጠረ። የሠፈራችን ቄስ አባ ተክሌ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም ጎረቤታቸው ነበርና ራስጌው ቆመዋል። አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ ሬሳውን አዩና፣ «ጉልበቱን አጠፍ አድርጉት፤ ሲጸልይም እንዲያ ነበር» አሉ። ሳቅን። ከዚያ በመሳቃችን አፍረን አለቀስን።

የማቴዎስ አመጣጥ ከደቡብ፣ ከሆሳዕና ነው። አንድ ተቋራጭ መጋዘን እሠራለሁ ብሎ ይዞት መጣ፤ ተቋራጩ ጣሪያውን ሳይመታ ጠፋ፤ ማቴዎስ ቀረ። በብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ መጋዝና መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል፤ ከኋላው ሚስቱ አበበች አለች። ከየት መጣህ ሲባል «ከሆሳዕና» ቢል፣ አንዲት ጠላ ሻጭ «ታዲያ ፋሲካን የት ጥለኸው መጣህ?» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃያ ዓመት እንግዳ ሆኖ ኖረ። እኛ የፎገራ ሰዎች እንግዳ እንወዳለን። ከመውደዳችን ብዛት የተነሣ እንግዳነቱ እንዳያልቅበት እንጠነቀቅለታለን።

በርም፣ መስኮትም፣ አልጋም ይሠራ ነበር። ግን በርና አልጋ የሚሠራ ሞልቷል። ማንም የማይሻማበት ሥራ የሬሳ ሣጥን ስለሆነ እሱ ለእንግዳው ተለቀቀለት። ሜትር በኪሱ ይይዛል እንጂ አያወጣውም። ሰላም ሲልህ ከጫማህ ይጀምርና ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ግንባርህ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። በቃ፤ ያን ጊዜ አልቆልሃል፤ ተለክተሃል። ገና ከሩቅ ሲያዩት አስፋልቱን የሚሻገሩ ነበሩ። አንድ ቁመተ ረጅም ፖሊስ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፍ። እኔን አንድ ቀን አየኝና «አንተስ ብዙ ጣውላ አትፈጅም» ቢለኝ፣ አንድ ወር ሙሉ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አድርጌ ዞርሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ያው ሱቅ ጸሎት ቤት ይሆናል። ምእመናኑ ሣጥኖቹ ላይ ይቀመጣሉ፤ እግራቸው የመላጊያ ፍቅፋቂ ውስጥ ይቀበራል። ጡት የሚጠቡት ሁለቱ ሳይቀሩ ከተቆጠሩ ዐሥራ አራት ናቸው። በረዶ የጣለ ዕለት ግን መጠለያ ፈላጊው ሁሉ ይገባና አርባ ይሞላል። ማቴዎስም በረዶውን እያመሰገነ ስብከቱን ያስረዝማል። ስብከቱ ከአናጢነት አይወጣም።

«ኖኅ አናጢ ነበር» ይላል። «እግዚአብሔር ውኃ ሊያመጣ ሲል አናጢ ፈለገ። ሹም ቢፈልግ ኖሮ፣ ሹሙ ስለ ዝናቡ ስብሰባ ይጠራል፤ ሁላችንም በስብሰባው ላይ እንሰጥማለን።»

አባ ተክሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆም ይላሉ። «ማቴዎስ! ዛሬስ ስንት ነፍስ አዳንህ?»

«የእርስዎን ቃርሚያ ነው አባ የምለቅም።»

«ቃርሚያህ በዛብኝ እኮ! አጫጄን አስደንግጠህ እንዳይሆን?» ይሉና ከአበበች እጅ አንድ ጭብጥ ቆሎ ተቀብለው ይሄዳሉ።

አበበች በሰኔ ሞተች። የእነማቴዎስ ወገን መቀበሪያ ከከተማው በታች፣ ከሩዝ ማሳው ዳር ያለች ረባዳ ናት። የተሰጠቻቸውም ከብት እንኳ ስለማይተኛባት ነው። ማቴዎስ ለሚስቱ የዋንዛ ሣጥን ሠራ፤ ሚስማር የለበት፣ ጣውላ በጣውላ እየነከሰ፣ ስፌቱ በሬንጅ የተደፈነ። ቆንጆ ነበር፤ ሰው ለቅሶውን ትቶ ሣጥኑን ይዳስስ ነበር።

በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣ። ማቴዎስ መቃብሩን ልየው ቢል አብሬው ሄድሁ። ውኃው እስከ ጉልበታችን ደረሰ። መቃብር የለም፤ ባሕር ነው። አበበች ትኖርበታለች ብለን ባሰብነው ላይ ሁለት ዳክዬ ይዞራል። እኔ ዝም ማለት አልችልምና «እነዚህ ለቅሶ ደራሽ ናቸው» አልሁ። አልሳቀም።

«ዋንዛ ሁለት ክረምት በደህና ይችላል» አለ። «ሦስተኛውን እንጃ።»

ሌላ ባል ቢሆን አልቅሶ ይወጣለታል። ይኼ ግን ዕንጨት ያውቃል።

ከዚያ ቀና ብሎ ወንበር ወደምንለው ጉብታ አየ። በዚያ ሁሉ ውኃ መካከል ደረቁ እሱ ብቻ ነው። በማግሥቱ ወረዳ ሄዶ ከጉብታው ላይ መቀበሪያ ቢጠይቅ፣ ይህ በምክር ቤት ነው የሚታየው አሉት። በቀጥታ ወደ ጃንጥላዬ መጣ።

«ምክር ቤት የሚገባው እንዴት ነው?»

«ተመርጦ ነው።»

«እሺ፤ ጻፍልኝ» አለና እንደ ማመልከቻ አስገቢ ቁጭ አለ።

በግል ተወዳዳሪነት ተመዘገበ። እኔ አራት ገጽ ንግግር ጻፍሁለት፤ መንገድ አለበት፣ መብራት አለበት፣ የሩዝ ዋጋ አለበት። በገበያ ቀን ከበርሜል ላይ አቆምሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሕዝቡን ከጫማ እስከ ግንባር ካየ በኋላ፣ «ወገኖቼ! ሁላችሁም ትሞታላችሁ!» ብሎ ጀመረ። ፍየል ሊሸጥ የመጣው ፍየሉን ይዞ ተመለሰ። «መንገዱን ሌሎቹ ቃል ገብተውላችኋል፤ መብራቱንም። እኔ ደረቅ መቃብር አሰጣችኋለሁ፤ ለክርስቲያኑም፣ ለእስላሙም፣ ለእንግዳውም!» ሲል የሚሰማው እኔና ባለበርሜሉ ብቻ ነበርን። ባለበርሜሉም የቆመው በርሜሉን ሊወስድ ነው።

ከሁሉ የከፋው የምርጫ ምልክቱ ነው። መጋዝ ቢፈልግ ሌላ ተወዳዳሪ ቀድሞ ወስዶታል። ማቴዎስ መሰላል መረጠና ራሱ ሥሎ ሰጠ። ሁለት ረጅም ዕንጨት፣ በመሐሉ ርብራብ። እንግዲህ በፎገራ ሁለት ረጅም ዕንጨትና ርብራብ ያየ ሰው መሰላል አይልም፤ ሬሳ የሚሸከሙበት ቃሬዛ ነው ይላል። ከላይ የማቴዎስ ፎቶግራፍ በከረቫት፣ ከታች ቃሬዛ። ወረቀቱ በየአጥሩ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ገበሬው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ «ነፍስ ይማር» እያለ ያልፍ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ከሩቅ ቀበሌ መጥታ፣ ማቴዎስን ራሱን፣ «ቀብሩ መቼ ነው? ዘገየሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

«ምርጫው ገና ነው እናቴ» አላት።

ይህን ለማረም በዘዴ መከርሁት፤ የታመመ ጠይቅ አልሁት። በእኛ አገር በሽተኛ የማይጠይቅ ሰው እንኳን ሹመት ሰላምታም አያገኝ። አያ መንገሻ የሚባሉ፣ ከብታቸው የሜዳውን እኩሌታ የሚሸፍን አዛውንት ሦስት ሳምንት ተኝተዋል። ማቴዎስ ብርቱካን ይዞ ሄደ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ከመደቡ አጠገብ ተቀምጦ «እግዜር ይማርዎ» አለ። ደግ ነው። ከዚያ ግን ዓይኑ ልማዱ ሆኖ ከእግራቸው ጀመረ። ሚስታቸው አየችና ጋቢውን ስባ እግራቸውን ሸፈነች።

«ምን ታያለህ?» አሉ አያ መንገሻ።

«ምንም አያ፤ እንደው…»

«እንደው ምን?»

ማቴዎስ መዋሸት አይችልም፤ ይህ ለፖለቲካ ትልቅ ጉድለት ነው። «ቁመትዎ ከጠበቅሁት ይረዝማል» አለ።

ሦስት ሳምንት ያልተነሡት ሰውዬ ተነሡ። ዱላቸውን አንሥተው እስከ ሩዝ ማሳው ድረስ አባረሩን። ከዚያ ወዲህ አልተኙም። የደብረ ታቦር ሐኪም ያቃተውን ማቴዎስ በዓይኑ ፈወሰው፤ ድምፃቸውን ግን አልሰጡትም። እንግዲህ ሰባት ድምፅ የተገኘው በዚህ ሁሉ ድካም ነው።

ሁለተኛው ክረምት መጣ። አንድ ማለዳ ስንነቃ ርብና ጉማራ ወንዞች ተገናኝተው ሜዳው ጠፍቷል። ሰው ጣሪያ ላይ ነው። የደንገል ታንኳዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ሩቅ ናቸው። ማቴዎስ ሱቁን ከፈተ፤ ዘጠኝ ሣጥን ነበረው። ክዳናቸውን አነሣ፤ ስፌታቸውን በሬንጅ ደፈነ፤ እንዳይገለበጡ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን በገመድ አሠረ። ትርፉን አንዱን የገመድና የስንቅ ማጓጓዣ አደረገው። ክዳኖቹን መቅዘፊያ ይሁኑ ብሎ ለጉባኤው ጎበዞች አደለ። እኔም ጃንጥላዬን ይዤ ከፊት ተቀመጥሁ፤ አቅጣጫ ለማሳየት ነው። አቅጣጫው ግን በግልጽ ይታይ ነበር።

አያ መንገሻ ከነሚስታቸውና ከአንዲት ዶሮ ጋር ጣሪያ ላይ ናቸው።

«አያ፣ ይውረዱ!» አለ ማቴዎስ።

«በምን ላይ?»

«በዚህ።»

አዩት። «በቁሜ ሣጥን አልገባም!»

«ቆመው አይግቡ፣ ይገለበጣል። ቁጭ ብለው ይግቡ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰዉም ጣሪያ ላይ ነው፤ ማን ያይዎታል?»

ሚስታቸው ዶሮዋን አቅፋ ቀድማ ገባች። «እኔ ሄድሁ። አንተ እዚያው ኩራ!» ስትላቸው እያጉረመረሙ ወረዱ። እግራቸውን ዘረጉ። ጥቂት ከተቀዘፈ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልክ ነው» አሉ።

«ምኑ አያ?»

«ቁመቱ። ለካ ያን ጊዜ ለክተኸኝ ነበር፣ አንተ ጉድ!»

ሲመላለስ ውሎ ሰዉን ሁሉ ወንበር ጉብታ ላይ አወጣ። ጉብታው አስቀድሞ በከብት ተሞልቷል። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ከዳር ቆመው ይቀበሉ ነበር። «ሰባ ዓመቴ ነው» አሉ፤ «ሣጥን ሰው ሲውጥ እንጂ ሲተፋ አይቼ አላውቅም።»

ብዙም ሳይቆይ የምክር ቤቱ ተመራጭ ወደ ሌላ ከተማ ተሾመና ወንበሩ ክፍት ሆነ። ማቴዎስ ያንኑ መሰላል ይዞ ተመለሰ። አዲስ ንግግር፣ ስድስት ገጽ ጻፍሁለት። በርሜሉ ላይ ወጥቶ «አምና ያልኋችሁን ታስታውሳላችሁ» አለና ወረደ። ጭብጨባው ፍየሎቹን አስበረገገ። በሣጥኑ የተቀመጠውም፣ ዘመዱ የተቀመጠለትም መረጠው። ስድስቱ ገጽ እስካሁን ኮቴ ኪስ ውስጥ አለ።

በምክር ቤት እንደ ሱቁ ነበር። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል። የአፈ ጉባኤውን ወንበር አንካሳ እግር በጀት ሲነበብ ከሥር ገብቶ አስተካክሏል። ተናጋሪ ሲነሣ ደግሞ ከጫማው ጀምሮ ሽቅብ ያየዋል፤ ግንባሩ ላይ ሳይደርስ ተናጋሪው «በዚሁ ላብቃ» ይላል። የወረዳው ስብሰባ እንደዚያ ዘመን አጥሮ አያውቅም።

በግንቦት፣ ሦስተኛው ክረምት ሳይገባ፣ ሐሳቡን አቀረበ፤ የወንበር ጉብታ አናት ለሁሉም ሃይማኖትና አገር ለሌለው ሁሉ መቀበሪያ ይሁን። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ ስንል የከብት ባለቤቶች አቤቱታ ገባ። ፊርማው ላይ የመጀመሪያው ስም የአያ መንገሻ ነው።

«ማቴዎስን እወደዋለሁ» አሉ በኋላ ሲጠየቁ። «ነፍሴን አድኗል። በሬዎቼ ግን በሣጥን አይገቡም።»

እውነታቸውን ነው፤ ሜዳው ሲሞላ ከብቱም ከዚያ ጉብታ ሌላ መሸሻ የለውም። አቤቱታው በጉባኤው ፊት ተነበበ። ሦስት ገጽ ነው፤ ከመሐሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ቤቱን ያዘችው፤ «ሕያው ከብት ቢሰጥም ይሞታል፤ የሞተ ሰው ግን ዳግም አይሰጥምም።» አንዳንዱ አጨበጨበ። ማቴዎስ ተነሣ። ዐረፍተ ነገሯ እንድትደገምለት ጠይቆ ተቀመጠ። ጉዳዩ ለጥናት ተብሎ ለከርሞ ተላለፈ።

በማግሥቱ ዐረፍተ ነገሯን በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ገልብጦ ወደ ጃንጥላዬ መጣ።

«ለዚህች መልስ ጻፍልኝ» አለ። «የቀረውን ተወው። ይችን ብቻ።»

ጻፍሁ፤ ቀደድሁ። ጻፍሁ፤ ቀደድሁ። እሱ እንደ ባለጉዳይ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። የፍርድ ቤቱ ዘበኛ በሩን ሲዘጋ ገና አንድ መስመር አልወጣኝም።

«ብርቱ ሰው ነው የጻፋት» አለኝ።

«ነው» አልሁት።

ሦስተኛው ክረምት ገባ፤ ውኃው እንደ ልማዱ ረባዳዋን ሸፈነ። ማቴዎስ በየሳምንቱ ሄዶ ይቆማል፤ እኔ ሥራ በዛብኝ እያልሁ መሄድ ተውሁ። በዓመቱ አያ መንገሻ ራሳቸው፣ ሚስታቸው ስትነዘንዛቸው ከርማ፣ «ከአናቱ ላይ ያለው ሣር አጭር ነው፤ በሬ አይወደውም» አሉና ፈቀዱ። ምክር ቤቱ በአንድ ቃል አጸደቀው። ወዲያው በግንቦት አበበችን ልናወጣ ሄድን። ማቴዎስ አዲስ የዋንዛ ሣጥን በሙሉ ቁመት ሠርቶ ይዞ መጣ።

ተቆፈረ። የዋንዛው ወለል የለም። ማቴዎስ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ጎኑን በጣቱ ዳሰሰ፤ «ሁለቱን ችሎ ነበር» አለ። ከጭቃው ውስጥ የሰበሰበው ነገር የሻይ ቤት ትሪ አይሞላም። ያን በዚያ ረጅም ሣጥን አስቀመጠው፤ እስከ ጉብታው ድረስ ስንሸከመው ባዶ እስኪመስል ይቀል ነበር። እሱም አሁን እዚያው፣ ከጎኗ፣ ደረቅ ላይ ነው።

የከብት ባለቤቶቹን አቤቱታ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አያ መንገሻ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጥተው «በዚህ አገር ካንተ በላይ ቃል የሚያውቅ ማን አለ» ሲሉኝ ደስ አለኝና ጻፍሁላቸው። ያች ዐረፍተ ነገር የመጣችልኝ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው፤ ውበቷ ገርሞኝ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አልኋት። የአበበች ነገር በዚያች ሰዓት ትዝም አላለኝ። ማቴዎስ እስኪሞት አልነገርሁትም።